ሐዲዱ የመረጠው ዳርቻ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጅቡቲ ከተማና ስለ ባቡሩ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ። ስለ ጅቡቲ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ትረካ አጭር ነው። ጥቂት ዓሣ አጥማጆች የሚውሉባት ጠፍ ዳርቻ ነበረች፤ ባቡር መጣ፤ ከተማ ሆነች። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ትልቁን ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል። በዚያ የባሕር ጠረፍ ከጅቡቲ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙ፣ ገበያቸው የደራ ወደቦች ነበሩ። እነሱ ተዳክመው ከተማ ያልነበረባት ዳርቻ የገነነችው ለምንድን ነው? እኔ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ባቡር የባሕር ዳር መንደርን የሚለውጣት የደጋውን አገር ከነገበያው ስለሚያመጣላት ነው፤ ያንን ገበያ ደግሞ የሚያመጣው ከሌሎች ዳርቻዎች ነጥቆ ነው። ስለዚህ የጅቡቲን ታሪክ ለመረዳት ዓይናችንን ከባሕሩ ይልቅ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ማቅናት ይኖርብናል።

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው እንነሳ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዘይላ አለች። ዘይላ በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ስሟ የሚነሳ፣ ለሐረር ለዘመናት የባሕር በር ሆና የኖረች ወደብ ናት። በ14ኛው መቶ ዘመን የጎበኛት የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ መሆኗን መስክሯል፤ ከዓሣውና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል የተነሳ ግን ሽታዋን መቋቋም አቅቶት ሌሊቱን በመርከብ ላይ ማሳለፉንም ጽፏል። በሰሜን በኩል የአፋር ሱልጣኖች መቀመጫ የሆነችው ታጁራ ነበረች። ከእሷ የሚነሳው ቅፍለት በአውሳ በኩል አልፎ ሸዋ ይገባል፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከገዙት የጦር መሣሪያ ብዙው የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛዋ ኦቦክ ናት። ፈረንሳይ በ1862 ከአፋር ባላባቶች በውል ገዝታ ለሃያ ዓመታት ያህል ሳትነካት ቆየችና በ1884 አገረ ገዥ ላከችባት። በእነዚህ መካከል፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ አፍ ላይ፣ ባሕሩ ሲሞላ እንደ ደሴት የሚከበቡ ዝቅተኛ የኮራል ድንጋይ ሜዳዎች ነበሩ። የኢሳ ከብት አርቢዎች ይመላለሱባቸዋል፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ያስጠጉባቸዋል፤ የሚጠጣ ውኃ የሚገኘው ግን ራቅ ብሎ ከአምቡሊ ጉድጓዶች ነበር። ያቺ ዳርቻ ጅቡቲ ናት።

የፈረንሳዩ አገረ ገዥ ሌኦንስ ላጋርድ ከ1888 ጀምሮ አስተዳደሩን ቀስ በቀስ ከኦቦክ ወደዚያች ዳርቻ አዛወረ። ያን ጊዜ ገና ስለ ሐዲድ የተፈረመ ውል የለም። ላጋርድን የሳበው የሐረር ቅፍለት ነው፤ ኦቦክ ከሐረር መንገድ ራቅ ብላ በባሕረ ሰላጤው ማዶ ስትቀር ጅቡቲ ግን በቅርብ ትገኛለች። በማርች 1894 ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ከእሱም ጋር ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኔ ነበረ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚቆይ ሲሆን መስመሩ በመጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከፋንና ነጭ ዓባይን እንዲደርስ የታሰበ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1897 የተፈረመው ስምምነት ደግሞ ጅቡቲን የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ አድርጎ እውቅና ሰጣት። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሥራው ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። መስመሩ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ውኃ በሌለበት የድንጋይ በረሃ ስለሚወጣ ገና ከመነሻው በሸበሌና በሆልሆል ሸለቆዎች ላይ ረጃጅም የብረት ድልድዮች መዘርጋት ግድ ሆነ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ወጪው ከአቅም በላይ መሆኑ ሲታወቅ ሐዲዱ በቆላው በኩል ዞረ፤ በዲሴምበር 1902 መጨረሻም፣ ከጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል በነበረችው በድሬዳዋ ቆመ።

እዚህ ላይ ታሪክ ለማመዛዘን የሚመች ማስረጃ ሰጥቶናል። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ሳይነቃነቅ ዓመታት አለፉ። ምክንያቱ ገንዘብና ፖለቲካ ነው፦ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ሐዲዱን በሚሠራው ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ሲገዙ የፈረንሳይ መንግሥት ሰጋ፤ በ1902 ዓመታዊ ድጎማ ሰጥቶ ኩባንያውን በቁጥጥሩ ሥር አደረገ። ምኒልክ ፈቃድ የሰጡት ለኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረምና ተቆጡ፤ ሥራው ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። ነገሩ መፍትሔ ያገኘው ሦስቱ ኃያላን፣ ማለትም ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን፣ በ1906 ከተስማሙና በ1908 አዲስ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1917 ነው። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ጅቡቲ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ከእሷ ጋር እስክትያያዝ ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። ሐዲዱ የደረሰው ሐረርጌ ጫፍ ላይ ብቻ ሆኖ ሳለ የሐረር ቡናና ቆዳ፣ ከደቡብ የሚመጣው ሰምና የዝሆን ጥርስ ወደ ድሬዳዋ ይወርድ ጀመር፤ አቡጀዴውና ሌላው የፋብሪካ ዕቃም በዚያው ይወጣል። ከሐረር እስከ ባሕር ብዙ ቀን የሚፈጀው የግመል ጉዞ በአንድ ቀን የባቡር መንገድ ተተካ። መስመሩ አዲስ አበባ ከገባ በኋላም መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ከባሕር እስከ ዋና ከተማው ይደርስ ነበር፤ በቅፍለት ይህ የሳምንታት ጉዞ ነው። በባሕሩ ዳር ደግሞ በኮራል ሜዳዎቹ መካከል መሬቱ ተደልድሎ ተያያዘ፣ መጋዘንና ጉምሩክ ተሠራ፣ ከየመን ግንበኞችና ወደብ ሠራተኞች፣ ከአውሮፓም ግሪኮችና ጣሊያኖች መጡ። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ዐረቡና ኢትዮጵያዊው በአንድ ከተማ መኖር የጀመሩት ሐዲዱን ተከትለው ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ጅቡቲን ያሳደጋት የወደቧ አቀማመጥና የስዌዝ ቦይ ነው፤ ወደ እስያ የሚሄዱ መርከቦች የድንጋይ ከሰል የሚሞሉበት ቦታ ስለሚያስፈልጋቸው ያለ ባቡርም ታድግ ነበር የሚሉ አሉ። በእርግጥ ወደቧ ከነፋስ የተከለለ ነው፤ የስዌዝ ቦይ በ1869 መከፈቱም ለአካባቢው ሁሉ ትርጉም ነበረው። ይሁንና መርከብ ቆሞ ከሰል መሙላቱ ብቻ ከተማ የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ ኦቦክ ከተማ በሆነች ነበር። የፈረንሳይ መርከቦች ይቆሙባት ነበር፤ አገረ ገዥ ነበራት፤ ባንዲራ ነበራት። ከኋላዋ የሚመጣ ገበያ ግን አልነበራትም፤ አስተዳደሩ ሲለቃት ወደ ትንሽ የአፋር መንደርነት ተመለሰች። ኦቦክና ጅቡቲ አንድ ገዥ፣ አንድ ባሕር፣ አንድ የአየር ጠባይ ነበራቸው። የለያቸው ከጀርባቸው ያለው መንገድ ነው። የጅቡቲም ወደብ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመቻቸ አልነበረም፤ ትልልቅ መርከቦች የሚጠጉበት ጥልቅ ማቆሚያ የተሠራው ዘግይቶ ነው። ንግዱ ወደቡን አሠራው እንጂ ወደቡ ንግዱን አልወለደውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዘይላ በኩል የሚመጣ ሲሆን ከመጀመሪያው ይከብዳል። ዘይላን የገደላት ባቡር ነው ማለት ይከብዳል፤ ባሕሯ ጥልቀት ስለሌለው መርከብ ራቅ ብሎ ይቆምና ዕቃው በጀልባ ይመላለስ ነበር፤ በተጨማሪም ከ1884 ጀምሮ የያዟት እንግሊዞች ትኩረታቸው ለኤደን ሥጋ በምታቀርበው በበርበራ ላይ ነበር ይባላል። ሁለቱም ነጥቦች ትክክል ናቸው። ግን የዘይላ ባሕር በምኒልክ ዘመን ድንገት አልጎደለም። ጥልቀት የሌለው ባሕር ይዛ ነው ለብዙ መቶ ዓመታት የሐረርን ንግድ ስታስተናግድ የኖረችው። አዲስ የመጣው ነገር ሐዲዱ ነው። ከዘይላ የሚነሳ ሌላ ሐዲድ እንዲሠራ ሐሳብ የነበራቸው እንግሊዞች ነበሩ፤ አልተሠራም። ቡናው ድሬዳዋ ላይ ባቡር ከተሳፈረ በኋላ ዘይላ የቀራት ያለፈ ስሟ ብቻ ነው። ተፈጥሯዊ ድክመት ያለበት ወደብ ሌላ አማራጭ እስኪመጣ ድረስ ሊኖር ይችላል፤ አማራጩን ያመጣው ባቡር ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝ ቸልተኝነት ውድቀቷን አፋጥኖት ይሆናል እንጂ ዋናው ምክንያት አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኑሮው በግመል ጀርባ ላይ የተመሠረተው ሕዝብ ምን ሆነ? በዚያ በረሃ ቅፍለት የሚያልፈው በባለ አገሩ ፈቃድ ነበር። ነጋዴው ግመል ይከራያል፣ መንገድ መሪና ጠባቂ ይቀጥራል፣ ለየጎሣው መሪ ይከፍላል። ባቡር ይህን ሁሉ ዘሎ ያልፋል። ኢሳዎች በ1890ዎቹ መጨረሻ የሐዲድ ሥራ ሰፈሮችን ደጋግመው ያጠቁት ለዚህ ነው። የዘመኑ አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ድርጊቱን የአረመኔ ጥቃት አድርገው ቆጥረውታል፤ እኔ ግን እንጀራው የተነጠቀ ሕዝብ ያደረገው መከላከል አድርጌ ነው የማየው። ቢሆንም ያለፈውን ዘመን ማስዋብ አይገባም። ከታጁራና ከዘይላ ይወጣ በነበረው ንግድ ውስጥ ሰዎች፣ ከደጋው ተፈንግለው የመጡ ልጆችና ሴቶች ጭምር፣ ነበሩበት። የቅፍለት ዘመን ለግመል ባለቤቱ የነጻነት ዘመን ሲሆን ለእነዚያ ልጆች የሰቆቃ ዘመን ነበር። ባቡሩ የቅፍለቱን ባለቤቶች ጎዳ ስንል ይህንንም አብረን መያዝ አለብን።

ዓሣ አጥማጆቹስ? ስለ ባሕር ዳር መንደርና ስለ ባቡር ሲጻፍ በሌላው ዓለም የተለመደው ታሪክ ባቡሩ ዓሣውን ገና ሳይበላሽ ሩቅ ከተማ አድርሶ አጥማጁን ያበለጽገዋል የሚል ነው፤ በእንግሊዝ የሰሜን ባሕር ጠረፍ ግሪምስቢን የመሰሉ ከተሞች ያደጉት እንዲህ ነው። ጅቡቲ ላይ ግን አልሆነም። ሐዲዱ የሚያልፈው በሞቃት በረሃ ነው፤ በሌላው ጫፍ ያለው ደገኛ ደግሞ ከጾም ወራት ውጭ ለሥጋና ለቅቤ እንጂ ለባሕር ዓሣ ገበያ አልነበረውም። ወደ ደጋ የወጣው የባሕር ሀብት ጨው ነው፤ በከተማዋ ዳር የጨው ማምረቻ ተቋቁሞ ምርቱን በባቡር ወደ ኢትዮጵያ ይልክ ነበር። ዓሣ ማጥመድ በጥቂት የአፋርና የየመን ተወላጆች እጅ እንደ ጥንቱ አነስተኛ ሥራ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ጅቡቲ የሄደ ሰው በየመን ዘዴ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ሲቀርብለት የሚበላው ከባቡሩ ሳይሆን ከጀልባው የመጣውን ባህል ነው። በዕለት ኑሮዋ ላይ ከባሕሩ ይልቅ የሐረርጌ ደጋ ይበረታል፤ በየቀኑ ቀትር ላይ የምትጠብቀው ጫትም ከዚያው ነው የሚወርደው፤ ለረጅም ጊዜ የወረደውም በባቡር ነው።

እንዲህ ያለች ከተማ ብርታቷም ድክመቷም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ለዚህ ሁለት ጊዜያትን ማየት ይበቃል። በ1940 ፈረንሳይ ስትሸነፍ የጅቡቲ አስተዳደር ለቪሺ መንግሥት ታማኝ ሆኖ ቆየ፤ እንግሊዞችም በባሕርም በየብስም ከበቧት፤ ኢትዮጵያ በ1941 ነጻ ከወጣች በኋላም ከበባው ቀጠለ። ወደቡ እዚያው ነበር፤ ባሕሩም እዚያው ነበር፤ ከደጋው የሚመጣው ግን ተቋረጠ። ከተማዋ ክፉኛ ተራበች፤ ሰው ሞተ፤ ከበባው ያበቃው በ1942 መጨረሻ አስተዳደሩ ወገኑን ሲቀይር ነው። ሁለተኛው ጊዜ 1977 ነው። ጅቡቲ በጁን 27 ነጻነቷን ስታውጅ የሶማሊያና የኢትዮጵያ ጦርነት እየተቀጣጠለ ነበር፤ የባቡር ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቆረጠ፤ አዲሲቱ አገር ዋነኛ መተዳደሪያዋ በተቋረጠበት ወቅት ሥራ ጀመረች። ጥገኝነቱ በኢትዮጵያም በኩል ነበር። በባቡሩ ተቆጣጣሪነትና በድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊነት ያገለገሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1924 በታተመው በመንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የእጅ ሥራና የፋብሪካ ውጤት የሚገዛ ሕዝብ በንግዱ እየደኸየ እንደሚሄድ አስረድተዋል። ይህን ያሉት ቡናና ቆዳ ሲወርድ፣ ጨርቅና ብረታ ብረት ሲወጣ በሥራቸው የማየት ዕድል የነበራቸው ሰው ናቸው። ሐዲዱ ንግዱን አፋጠነው፤ የንግዱን ሚዛን ግን አላቃናውም። ይህ የባቡሩ ጥፋት ነው ብዬ አልከስም፤ ነገር ግን ስለ ባቡር በጎነት ሲነገር ችላ የሚባል ጉዳይ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ የጭነት መኪናው ነው። ባቡር ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ አሮጌው መስመር ተዳክሞ በቆመባቸው ዓመታት ጅቡቲ ለምን አልከሰመችም? እንዲያውም ይበልጥ ያደገችው ያን ጊዜ አይደለም ወይ? እውነት ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈረንሳይ ባቡር ላይ ላለመንጠልጠል ከአሰብ ወደ ደሴ መንገድ ሠሩ፤ ከዚያ በኋላ አሰብ የጅቡቲን ድርሻ ስትወስድ ቆየች፤ በ1960ዎቹ የነዳጅ ማጣሪያም ተተከለባት። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ግን የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የተሸከመውም ያረጀው ባቡር ሳይሆን በጋላፊ ጠረፍ በኩል ሌት ተቀን የሚመላለሰው ከባድ መኪና ነው። ይህ ክርክሬን እንዳሻሽለው ያስገድደኛል። ለወደብ ሕይወት የሚሰጠው ብረቱ አይደለም፤ ደጋውን ከባሕሩ የሚያገናኘው ርካሽና አስተማማኝ መንገድ ነው። በ1902 ያ መንገድ ባቡር ብቻ ነበር። በ1998 ግን መኪናው ሥራውን ሊሠራ የቻለው ጅቡቲ ላይ መጋዘኑ፣ ጉምሩኩ፣ ባንኩ፣ ዕቃ አስተላላፊውና ጫኝ አውራጁ ሁሉ ቀድሞ ስለነበረ ነው። ያንን ሁሉ ያከማቸው የባቡሩ ዘመን ነው። ጦርነቱ ሲነሳ ጅቡቲም እንደ ኦቦክ ትንሽ መንደር ሆና ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ የምትዞርበት ቦታ አታገኝም ነበር።

ዛሬ በቻይና ብድር የተሠራው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አዲሱ መስመር አለ። በ2016 በኢትዮጵያ በኩል ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። የመንገደኛው ባቡር የሚቆመው ከአሮጌው ከተማ ውጭ ናጋድ ላይ ነው፤ የጭነቱ ሐዲድ ደግሞ ወደ ዶራሌ ወደብ ይዘልቃል። የንግዱን ድርሻ ለመያዝ ገና ከመኪናው ጋር በመፎካከር ላይ ነው። እኔ ግን ትኩረቴን የሚስበው ታጁራ ናት። በ2017 አዲስ ወደብ ተከፍቶላታል፤ ከኢትዮጵያ ጠረፍ የሚያገናኛት የአስፋልት መንገድም ተሠርቶላታል። ከሰሜን ኢትዮጵያ በወልድያ በኩል ይመጣላታል ተብሎ የታሰበው ሐዲድ ግን አልደረሰላትም። ክርክሬ ትክክል ከሆነ፣ ባሕሯ የቱንም ያህል ጥልቅ፣ መርከብ ማቆሚያዋም የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ ያ መስመር ወይም እሱን የሚያህል ርካሽ መንገድ እስኪደርስላት ድረስ ታጁራ የምታስተናግደው ከጅቡቲ የተረፈውን ጭነት ይሆናል። ደርሶላት ደግሞ ንግዱ ካልተከተለው፣ እኔ ለባቡሩ የሰጠሁት ግምት ከልክ ያለፈ ነበር ማለት ነው።